ብሩን ያዘዘው ማን ነው? ባንክ ደንበኛውን ከማጭበርበር የሚጠብቅበት መንገድ

(ሐዋሳ ላይ ለነጋዴዎች፣ ለሆቴል ባለቤቶችና ለፋብሪካ ሠራተኞች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ሰዓታችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ እናመሰግናለን፤ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እንግባ።

ከሒሳባችሁ ብር እንዲወጣ ትእዛዝ ሲመጣ፣ ያዘዛችሁት እናንተ መሆናችሁን ባንኩ በምን ያውቃል? ዛሬ የምንነጋገረው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚወጣ ነው። ቅርንጫፍ ስትሄዱ ገንዘብ ከፋዩ ፊታችሁን ያያል፣ መታወቂያችሁን ያገላብጣል፣ ፊርማችሁን ከናሙናው ጋር ያመሳክራል። በስልክ ስታዙ ግን ኮምፒውተሩ ፊት አያይም። የሚያየው የተመዘገበውን ስልክ ቁጥር፣ መተግበሪያው የተጫነበትን ቀፎ፣ የሚስጥር ቁጥራችሁንና አንዳንዴም በአጭር መልእክት የተላከ የአንድ ጊዜ ኮድ ነው። እነዚህን አሟልቶ የመጣ ሁሉ ለኮምፒውተሩ እናንተ ናችሁ። አብዛኛው አጭበርባሪ የባንኩን ሲስተም ለመስበር የማይደክመው ለዚህ ነው፤ የጎደለውን ከእናንተው ጠይቆ ይወስዳል።

ከሒሳብ አከፋፈት እንጀምር። ለረጅም ዓመታት ሒሳብ የሚከፈተው በቀበሌ መታወቂያ ነበር። ወረቀት ነው፣ ማኅተም አለው፣ ፎቶ ተለጥፎበታል። ፒያሳ ቅርንጫፍ የተቀመጠ ሠራተኛ ከአርሲ ወይም ከጎፋ የመጣን መታወቂያ እውነተኛነት የሚያጣራበት ፈጣን መንገድ አልነበረውም። አንድ ሰው በሦስት ስም ሦስት መታወቂያ አውጥቶ በሦስቱም ሒሳብ ሊከፍት ይችል ነበር። ተጭበርብሮ የተወሰደ ብር ማረፊያ ይፈልጋል፤ ማረፊያው እንዲህ ያለ ሒሳብ ነው። ባለቤቱ ሲፈለግ በዚያ ስም የሚታወቅ ሰው የለም።

በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ፋይዳ ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ትልቅ አቅም አለው። ስትመዘገቡ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለቱም ዓይን አይሪስና የፊት ምስል ይወሰዳል፤ ቀድሞ ከተመዘገቡት ጋር ስለሚነጻጸርም አንድ ሰው በሁለት ስም ሁለት ቁጥር ለማውጣት ይቸገራል። ባንክ ስትሄዱ 12 አሃዝ ያለው ልዩ ቁጥራችሁ ይገባና ማንነታችሁ በአሻራ ወይም ለስልካችሁ በሚላክ ኮድ ይረጋገጣል። ልብ በሉ፤ ሁለቱ እኩል ጥንካሬ የላቸውም። አሻራ ከእናንተ ጋር ይሄዳል፤ ኮዱ ግን የሚሄደው ፋይዳ ላይ ያስመዘገባችሁት ስልክ ቁጥር ዘንድ ነው። ያ ቁጥር ዛሬ በእጃችሁ ከሌለ፣ ወይም ስትመዘገቡ ስልክ ስላልነበራችሁ የወንድማችሁን አስይዛችሁ ከነበረ፣ ማስተካከያው ነገ ዛሬ የሚባል አይደለም።

የመታወቂያችሁን ፎቶ በቴሌግራም ለጠየቀ ሁሉ አትላኩ። ለቤት ኪራይ ወይም ለሥራ ማመልከቻ ግድ ከሆነ ኮፒው ላይ በእስክሪብቶ፣ ፊቱን ሳትሸፍኑ፣ አግድም «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ» ብላችሁ ቀኑን ጻፉበት። እንዲህ የተጻፈበት ኮፒ ለሌላ ጉዳይ ሲቀርብ ራሱን ያጋልጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ድርጅቶች የሰበሰቡትን መረጃ ከተሰበሰበበት ዓላማ ውጭ እንዳይጠቀሙበት ያስገድዳል። ሕግ መኖሩ ጥሩ ነው፤ የተበተነን ፎቶ ግን ማንም አይለቅመውም።

ሌላው ጉዳይ ሒሳብ ማከራየት ነው። እዚህ ከተማ ይህ ጥያቄ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው ለዩኒቨርሲቲ ተማሪና ለኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ነው። «ሒሳብህ ላይ ብር ይገባልሃል፤ ሁለት ሺውን ውሰድ፣ ቀሪውን ወደምልክልህ ቁጥር አስተላልፍ» ይባላል። ሥራ ይመስላል። የሚተላለፈው ግን የሌላ ሰው የተዘረፈ ብር ነው። ፖሊስ ዱካውን ሲከተል መጀመሪያ የሚያገኘው የአከራዩን ስም፣ ፎቶና አሻራ ነው። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰልን የሚከለክለው አዋጅ ደግሞ ብሩን የደበቀውን ወይም ያዘዋወረውን ሰው ጭምር ይመለከታል። «አላወቅኩም» የሚለው መልስ ደግሞ ሁለት ሺህ ብር ከተቀበሉበት በኋላ ለማስረዳት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ስልኩ እንምጣ፤ ዛሬ ዋናው ጦርነት ያለው እዚያ ነው።

የባንክ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ሲጫን ከዚያ ቀፎ ጋር ይተሳሰራል። ሌላ ሰው መተግበሪያውን በራሱ ስልክ ላይ ቢጭንና የእናንተን ቁጥር ቢያስገባ እንኳ ማግበሪያ ኮድ ይጠየቃል፤ ኮዱም ወደ እናንተ ስልክ ይመጣል። ጥበቃው በዚህ ደረጃ በደንብ የታሰበ ነው። አጭበርባሪውም ያውቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሙከራውን በራሱ ስልክ ይጀምርና ኮዱ ወደ እናንተ በሚላክበት ቅጽበት ይደውላል። «ከባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ ሲስተም እያሻሻልን ስለሆነ ሒሳብዎ እንዳይዘጋ አሁን የገባልዎትን ቁጥር ይንገሩን።» ድምፁ ትሁት ነው፣ ከኋላው የቢሮ ጫጫታ ይሰማል፣ ስማችሁን እስከ አያት ይጠራል። ስም ማወቁ ምንም አያረጋግጥም፤ የሒሳብ ቁጥር አስገብቶ ለማስተላለፍ የሞከረ ማንኛውም ሰው የባለሒሳቡን ስም ስክሪኑ ላይ ያየዋል። ኮዱን ያነበባችሁለት ደቂቃ የእሱ ስልክ የእናንተ ባንክ ይሆናል።

ስለዚህ መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ኮዱን ይዞ የሚመጣው መልእክት ብዙ ጊዜ ራሱ «ለማንም አይንገሩ» ይላል። ሰው ግን ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ ቁጥሩን ብቻ ፈልጎ ያነባል፤ አጭበርባሪው «ቶሎ፣ ቶሎ፣ ሊያልፍበት ነው» የሚለውም ሌላውን መስመር እንዳታነቡ ነው። ባንክ የሚስጥር ቁጥራችሁንም ሆነ የገባላችሁን ኮድ ደውሎ አይጠይቅም። ሠራተኛው ለሥራው አያስፈልገውም። ጥርጣሬ ካደረባችሁ ዝጉትና በራሳችሁ ወደምታውቁት ቁጥር ደውሉ፤ የንግድ ባንክ ደንበኛ ወደ 951፣ የሌላ ባንክ ደንበኛ ካርዱ ጀርባ ወዳለው ቁጥር። በደወለላችሁ ቁጥር መልሳችሁ አትደውሉ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ መንገድ አለ። ደዋዩ «መስመርዎ ላይ ችግር ስላለ ይህን ይደውሉ» ብሎ በኮከብ 21 ኮከብ የሚጀምር፣ ከዚያ ስልክ ቁጥር የሚከተልበት፣ በመሰላል ምልክት የሚያበቃ ነገር ያስመታችኋል። ይህ ጥሪዎቻችሁን ሁሉ ወደዚያ ቁጥር የሚያዞር የኔትወርክ ትእዛዝ ነው። አጭር መልእክት አይዞርም፤ በድምፅ ጥሪ የሚነገር ኮድ ግን ይዞራል፤ ባንኩ አጠራጣሪ ዝውውር አይቶ «እርስዎ ነዎት ያዘዙት?» ሊል ሲደውልም ስልኩን የሚያነሳው ሌባው ነው። ስልካችሁ ላይ ይህ መኖር አለመኖሩን *#21# መትታችሁ እዩ። ካለ ##21# ያጠፋዋል። አሁኑኑ እዚሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ ስልካችሁን አይጎዳም።

በቴሌግራም የሚላኩ መተግበሪያዎች ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ናቸው። «ይህን ጫን፣ በየቀኑ ገቢ ታገኛለህ» ወይም «አዲሱ የባንኩ መተግበሪያ ይህ ነው» ተብሎ ፋይል ይላካል። ስልኩ ካልታወቀ ምንጭ እንዳይጭን ቢከለክልም ላኪው ክልከላውን እንዴት እንደምታነሱ ደረጃ በደረጃ ያስተምራችኋል። ከተጫነ በኋላ መልእክቶችን ለማንበብና ስክሪኑን ለመቆጣጠር ፈቃድ ይጠይቃል። ለዓይነ ስውራን ስክሪን እንዲያነብ ተብሎ የተሠራው የተደራሽነት ፈቃድ ለእንዲህ ያለ ፋይል ከተሰጠ፣ የምትነኩትን ሁሉ ያያል፣ በእናንተ ፈንታም ይነካል። ያኔ ኮድ መጠየቅ እንኳ አያስፈልገውም። ከጫናችሁት በኋላ ከተጠራጠራችሁ መጀመሪያ ዳታውንና ዋይፋዩን አጥፉ፣ በሌላ ስልክ ለባንኩ ደውላችሁ ሞባይል ባንኪንጋችሁን አሳግዱ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ማጽዳት አስቡ። ፋይሉን ብቻ መሰረዝ የተጫነውን አያወጣውም።

ሲም ካርድን በተመለከተ ሁለት ነገር አለ። አንዱ የታወቀው ነው፦ ሌላ ሰው በሐሰተኛ ሰነድ «ሲሜ ጠፋብኝ» ብሎ በቁጥራችሁ ምትክ ሲም ያወጣል። ምልክቱ ባልታሰበ ሰዓት ኔትወርክ ጨርሶ መጥፋት ነው፤ አጠገባችሁ ያለው ሰው እየደወለ የእናንተ ብቻ ሞቶ ከቆየ፣ ስልኩን አጥፍታችሁ አብርታችሁም ካልመጣ፣ በሌላ ስልክ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ወደ 994 ደውሉ፣ ባንካችሁንም በዚያው ሰዓት አሳውቁ። ሁለተኛው ወንጀል እንኳ የሌለበት ነው። ቁጥር ትቀይራላችሁ፣ አሮጌው ሳይሠራ ይቆያል፣ ቴሌው መልሶ ለሌላ ደንበኛ ይሸጠዋል። ባንኩ ግን አሁንም የሚያውቀው አሮጌውን ነው። የእናንተ የሒሳብ መልእክት፣ የእናንተ ኮድ፣ የማታውቁት ሰው ኪስ ውስጥ ይጮኻል። ያ ሰው ታማኝ ከሆነ እድለኛ ናችሁ። ቁጥር በቀየራችሁበት ሳምንት ባንክ ሄዳችሁ አስቀይሩ፤ ባንኩ ይህን በስልክ የማይሠራላችሁና በአካል ኑ የሚለው ምክንያት አሁን የገባችሁ ይመስለኛል።

የሚስጥር ቁጥር አራት አሃዝ ከሆነ 10,000 ዓይነት ምርጫ አለው። ሲስተሙ በተለምዶ ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ይዘጋል። በዘፈቀደ የሚገምት ሌባ ዕድሉ ከአሥር ሺህ ሦስት ነው፤ ይህ ጥሩ ጥበቃ ነው፣ ቁጥሩ በዘፈቀደ የተመረጠ ከሆነ። ሰው የሚመርጠው ግን የትውልድ ዘመኑን ነው፤ መታወቂያው ላይ የተጻፈውን። ወይም የስልኩን የመጨረሻ አራት አሃዝ። ወይም 1234። ቦርሳችሁ ከነመታወቂያውና ከነካርዱ ከተሰረቀ ለሦስቱ ሙከራ የሚሆን ግምት ሌባው አያጣም።

የደመወዝ ቀን ኤቲኤም ፊት የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰልፉ ይረዝማል፣ ማሽኑ ይዘገያል፣ አንዱ «ላግዝሽ እህቴ» ብሎ ይጠጋል። ቁጥሩን ስትነካ ያያል፣ ካርዱን አውጥቶ ሲመልስ ተመሳሳይ ቀለም ያለው ሌላ ካርድ ይሰጣል። የካርዱ ባለቤት የምታውቀው በሚቀጥለው ወር ነው፤ ያኔ ሒሳቡ ባዶ ነው። የቺፕ ካርድ ለእያንዳንዱ ክፍያ የተለየ ኮድ ስለሚፈጥር እንደ ጥንቱ ማግኔት ጭረት በቀላሉ አይገለበጥም። ካርዱ ራሱ በእጅ ሲወሰድ ግን ቺፑ ምንም አያደርግም። ካርድ ስትቀበሉ ስማችሁን አንብባችሁ ብቻ ወደ ኪስ አስገቡ። ማሽኑ ካርዱን ከያዘባችሁም «ቁጥርህን ደግመህ ምታ ይመልሰዋል» የሚላችሁን አትስሙ፤ ማሽኑ እንዲህ አይሠራም።

ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ እናቶችና አባቶች የሚስጥር ቁጥሩ የሚያዘው በሱቅ ልጅ ወይም በወኪል እጅ ነው። ስልኩን ከነቁጥሩ ይሰጡታል፤ እሱ ያወጣላቸዋል። ብዙው ልጅ ታማኝ ነው፤ ሥርዓቱ ግን በመልካም ፈቃዱ ላይ ቆሟል። ቅርንጫፍ ሄደው በጣት አሻራና በምስክር የሚገለገሉበት አሠራር አለ፤ ይዘገያል፣ ሰልፍ አለው፤ ለትልቅ ብር ግን ይሻላል። የዕለት ዝውውር ጣሪያውን ዝቅ አድርጉላቸው፤ ቢሰረቁ እንኳ ጉዳቱ በጣሪያው ይወሰናል። ይህን ባንኩ በጥያቄ ይሠራል፤ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

አሁን ለሱቅና ለሆቴል ባለቤቶች። ዕቃ ወስዶ ወይም አልጋ ይዞ የከፈለበትን ደረሰኝ ስክሪኑ ላይ የሚያሳያችሁ ሰው ከፍሎ ይሆናል፤ ምስሉን ሠርቶትም ይሆናል። ስምና መጠን መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። የንግድ ባንክ ደረሰኝ ላይ የዝውውር ቁጥሩ በኤፍቲ (FT) ይጀምራል። ከኤፍቲ በኋላ ያሉትን አምስት አሃዞች ተመልከቱ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የፈረንጆቹ ዓመት፣ ቀጣዮቹ ሦስት ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ የተቆጠረ ቀን ናቸው። ኤፍቲ25032 የሚል ከሆነ የ2025 32ኛ ቀን ነው፤ ፌብሯሪ 1፣ በእኛ ጥር 24 ቀን 2017። ደንበኛው «አሁን ላክሁ» እያለ ቁጥሩ የባለፈውን ወር ቀን ካሳየ አሮጌ ደረሰኝ ላይ መጠኑን ቀይሯል ማለት ነው። ይህ ሰነፉን አጭበርባሪ ይይዛል፤ አሠራሩን የሚያውቀው ቀኑንም አስተካክሎ ይመጣል። ደረሰኙ ላይ ያለው የማረጋገጫ ሊንክም ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊወስድ ይችላል፤ የሚከፈተው አድራሻ በትክክል የባንኩ መሆኑን ሳታነቡ አትመኑት።

እውነቱ ያለው አንድ ቦታ ነው፦ በራሳችሁ ሒሳብ ላይ። ብሩ ገብቷል ወይስ አልገባም? ገንዘብ ተቀባያችሁ ሒሳቡን ማየት ብቻ እንጂ ማውጣት የማይችልበት አሠራር ካለ ባንካችሁን ጠይቁ። ከሌለ፣ ከዋናው ሒሳብ የተለየ የሽያጭ ሒሳብ ክፈቱና የገቢ መልእክቱ ካውንተሩ ላይ ወዳለ ስልክ እንዲመጣ አድርጉ፤ ማታ ብሩን ወደ ዋናው አዛውሩት። የመልእክት ላኪውንም ስም እዩ። የባንክ መልእክት በባንኩ ስም ይመጣል፤ ከተራ ስልክ ቁጥር የመጣ «ብር ገብቶልዎታል» የሚል ጽሑፍ ማንም ሊጽፈው የሚችል ነው። ኔትወርክ ጠፍቶ ከሆነና እንግዳው ከቸኮለ መታወቂያውን አስይዛችሁ ጠብቁ። የሚከፋ እንግዳ ይኖራል፤ ሒሳቡን ለማየት የሚከፋ ግን ብዙ ጊዜ ምክንያት አለው።

ለጅምላ ነጋዴዎችና ቡና ላኪዎች ደግሞ የሚመጣው ሌላ ነው። አቅራቢያችሁ በቴሌግራም «የሒሳብ ቁጥራችን ተቀይሯል፤ ከእንግዲህ በዚህ ላኩ» ይላችኋል። የሰውየው ቴሌግራም ተሰርቆ ነው። ሌባው የድሮ ንግግራችሁን ሁሉ አንብቦታል፤ የጭነቱን መጠን ያውቃል፣ የአጠራራችሁን ልማድ ያውቃል። መድኃኒቱ በፊት በምታውቁት ስልክ ደውሎ የአቅራቢውን ድምፅ መስማት ነው። ከመላካችሁ በፊትም ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን የተቀባይ ስም አንብቡ፤ ድርጅት እየጠበቃችሁ የግለሰብ ስም ከመጣ አቁሙ። የራሳችሁን ቴሌግራም በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ዝጉት፤ ቅንብሩ ውስጥ ግላዊነት የሚለው ስር ይገኛል፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ቼክ በአጭሩ፤ ከመጠኑ በፊትም በኋላም ባዶ ቦታ አትተዉ፣ በፊደልና በአሃዝ የተጻፈው ከተለያየ በፊደል የተጻፈው እንደሚጸና እወቁ፣ በሒሳብ ብቻ እንዲከፈል ስትፈልጉ ፊቱ ላይ ሁለት ትይዩ መስመር አስምሩበት። ፈርማችሁ ያስቀመጣችሁት ባዶ ቼክ መሳቢያ ውስጥ ያለ ጥሬ ብር ነው።

ከባንኩ ውስጥ ስለሚመጣ ሌብነትም መናገር አለብን። ሁሉም ወንጀል ከውጭ አይመጣም። ባንኮች ይህን የሚከላከሉት አንዱ ያዘጋጀውን ሌላው እንዲያጸድቅ በማድረግ ነው፤ ከተወሰነ መጠን በላይ ያለ ክፍያን አንድ ሰው ብቻውን ጀምሮ መጨረስ አይችልም። እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ መለያ ይገባል፣ የነካው ሁሉ ይመዘገባል። ጥበቃው የሚፈርሰው ሰልፍ በበዛበት ቀን አጽዳቂው «ሥራ እንዳይቆም» ብሎ የይለፍ ቃሉን ለባልደረባው ሲሰጥ ነው። ያኔ ሁለቱ ሰዎች አንድ ይሆናሉ። ተመራጭ ዒላማው ደግሞ ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰ ሒሳብ ነው፤ ባለቤቱ ውጭ አገር ነው፣ ወይም አርፏል፣ ወይም ረስቶታል፤ የሚጮኽ የለም። ስለዚህ ባንኮች የተኛ ሒሳብን ይቆልፋሉ፤ ለማንቃት ባለቤቱ በአካል መታወቂያ ይዞ መቅረብ አለበት። ሲያበሳጫችሁ ይህን አስቡ። እናንተም በየጥቂት ወሩ የሒሳብ መግለጫ አውጥታችሁ እዩ።

ከዚህ ሁሉ ጀርባ ዝውውሮችን የሚከታተል ሲስተም አለ። የሚፈልገው ከለመዳችሁት የራቀ ነገርን ነው፦ አዲስ ቀፎ ላይ በነቃ በደቂቃዎች ውስጥ ትልቅ ብር፣ በሌሊት ተከታታይ ዝውውር፣ ወደ ጣሪያው የተጠጋ መጠን ደጋግሞ መላክ፣ ገብቶ ወዲያው የሚወጣ ብር። በሲዳማ ይህ አንድ የታወቀ ችግር ያመጣል። የቡና ሰብሳቢ ሒሳብ ክረምቱን ሙሉ ይተኛል፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ድንገት ሚሊዮኖች ይገቡበትና በዚያው ቀን ለብዙ ገበሬ ይበተናል። ለሲስተሙ ይህ ልክ የወንጀል መልክ አለው። ሒሳቡ ይታገዳል፣ ቀይ እሸቱ አለታ ወንዶ ላይ ፀሐይ ይመታዋል። ወቅቱ ከመግባቱ በፊት ቅርንጫፋችሁ ሄዳችሁ የንግድ ፈቃዳችሁንና የሚጠበቀውን እንቅስቃሴ በጽሑፍ ካስመዘገባችሁ የሚያጣራው ሠራተኛ መልሱ በእጁ ይኖራል። ባንኮችም ይህን የአካባቢውን ወቅት ሳያውቁ አንድ ዓይነት ደንብ ከአዲስ አበባ መጫናቸው ትክክል ነው ብለን አናምንም።

የደረሰባችሁ ቀን ዋናው ጉዳይ ሰዓት ነው። በባንኮች መካከል የሚደረገው ፈጣን ዝውውር በሰከንዶች ይደርሳል፤ ሌባው ብሩን ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው እያዘዋወረ በወኪልና በኤቲኤም ያወጣዋል። ገና ሒሳብ ውስጥ ካለ ሊታገድ ይችላል፤ ጥሬ ብር ከሆነ በኋላ የሚቀረው የፖሊስ ሥራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ደውሉ፣ ቅርንጫፍ እስክትደርሱ አትጠብቁ፤ እሑድም ቢሆን ደውሉ። ሒሳቡን፣ ካርዱንና ሞባይል ባንኪንጉን ሦስቱንም አሳግዱ፤ አንዱን ማገድ ሌላውን ላያግድ ይችላል። የዝውውር ቁጥሩን፣ መጠኑንና የተቀባዩን ስም አንብባችሁ ስጡ። ያነጋገራችሁትን ሠራተኛ ስምና ሰዓቱን ጻፉ፣ የአቤቱታ ቁጥር ካለ ተቀበሉ። በማግስቱ በጽሑፍ ማመልከቻ አስገቡና ቅጂውን አስፈርሙ። ከአጭበርባሪው የመጣውን መልእክት አትሰርዙ፣ ስልኩንም ፎርማት አታስደርጉ፤ ማስረጃው እሱ ነው። ለፖሊስ ስታመለክቱ ጉዳዩ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንደሚታይ ጥቀሱ።

ባንኩ «የሌላ ሰው ሒሳብ ላይ ያለውን ብር ዝም ብዬ አልመልስም» ሲላችሁ እያሾፈባችሁ አይደለም። በእናንተ ቃል ብቻ ቢመልስ ነገ ሌላው በእሱ ቃል ከእናንተ ያስወስዳል። ያግዳል፤ ለመመለስ የባለሒሳቡ ስምምነት ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል። መልሱ ካላረካችሁ ከቅርንጫፍ ወደ ዋና መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ ወደ ብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት ትችላላችሁ። በተቀማጭ መድን ፈንድ እስከ 100,000 ብር ዋስትና እንዳለ የሰማችሁ ትኖራላችሁ፤ ያ ባንክ ሲወድቅ ነው፣ ለተጭበረበረ ብር አይከፍልም።

ከተሰብሳቢው ከቀረቡት ጥያቄዎች አንዱን እንጨምር፦ «የማላውቀው ሰው በስህተት ብር ላከልኝና ወደ ሌላ ቁጥር መልስልኝ አለኝ፤ ምን ላድርግ?» አትላኩ፣ ብሩንም አትጠቀሙበት። መጀመሪያ ሒሳባችሁን አይታችሁ ብሩ በእርግጥ መግባቱን አረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ የገባው ሐሰተኛ መልእክት ብቻ ነው። ገብቶ ከሆነ ደግሞ ከሌላ ሰው የተዘረፈ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሦስተኛ ቁጥር ብታስተላልፉ የዝርፊያው ሰንሰለት ላይ ስማችሁ ይገባል። ለባንካችሁ ደውላችሁ ብሩ ወደመጣበት ሒሳብ እንዲመለስ በጽሑፍ ፍቀዱ። ደዋዩ በእርግጥ ተሳስቶ ከሆነ እሱም በራሱ ባንክ በኩል አመልክቷል፤ ሁለቱ ማመልከቻዎች ይገናኛሉ።